ያውቁ ኖሯል? ከአንጎል የወጣ ከረጢት ከተረፈው ሽፋን ዳግም ሊያድግ ይችላል

ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ክሩቬይዬ እ.ኤ.አ. በ1829 በዕንቁ መሰል ንጣቱ የሰየመውና ዛሬ ኤፒደርሞይድ ሲስት የሚባለው ካንሰር ያልሆነ ከረጢት የሚፈጠረው፣ በፅንስነት የመጀመሪያ ሳምንታት፣ በኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ሲዘጋ፣ ቆዳ መሆን የነበረባቸው ሕዋሳት ወደ ውስጥ ገብተው ሲቀሩ ነው። እነዚህ ሕዋሳት እንደ ማንኛውም ቆዳ ይታደሳሉ፤ የሚረግፈው ግን መውጫ ስለሌለው፣ ኬራቲን የተባለው የቆዳ ፕሮቲንና ኮሌስትሮል እየተከማቹ ከረጢቱን በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ያሳድጉታል።

ክምችቱ ሕይወት ስለሌለው ቀዶ ሐኪሙ ጠርጎ ሊያወጣው ይችላል፤ ሆኖም በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ወደ አካባቢው ከፈሰሰ ጀርም የሌለበት የአንጎል ሽፋን ብግነት ሊያስከትል ይችላል። ከባዱ ፈተና ሕያው የሆነው ስስ ሽፋን ነው፤ ከአንጎል ግንድ፣ ከደም ሥሮች፣ ከፊትና ከመስማት ነርቮች ጋር በተጣበቀ ጊዜ ሁሉንም ለመላጥ መሞከር ታካሚውን ለፊት ሽባነት ወይም ለመስማት ችግር ሊዳርግ ስለሚችል፣ ጥቂቱን መተው የበሰለ ውሳኔ ነው። የተተወው ሽፋን ግን ከብዙ ዓመታት በኋላም ሊያድግ ስለሚችል፣ ታካሚው ደኅንነት ቢሰማውም የኤም.አር.አይ. ክትትሉን ማቋረጥ የለበትም።

በሕብለ ሰረሰር አካባቢ ደግሞ ይኸው ከረጢት በሕክምና ምክንያት ሊፈጠር ይችላል፦ ከወገብ ፈሳሽ ለመቅዳት የሚገባው መርፌ የውስጥ መሰኪያ ዘንግ ከሌለው የቆዳ ቅንጣት ይዞ ሊገባና ቅንጣቱ ከዓመታት በኋላ ከረጢት ሊሆን ስለሚችል፣ መርፌውን ከነዘንጉ ማስገባት ሊታለፍ የማይገባ ጥንቃቄ ነው።