ድንብላል ለምን ቶሎ ያብባል?

በጓሮው ድንብላል የሚዘራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው አንድ ቅሬታ አለ፦ ቅጠሉ ገና ተቀጥፎ ሳይጠገብ አገዳው ይመዘዛል፣ ቅጠሉ እየሳሳ ክር ይመስላል፣ ከዚያ ነጭ አበባ ጣል ጣል ማለት ይጀምራል። ብዙዎች አፈሩ ደክሟል ብለው ፍግ ይጨምሩበታል። ድንብላል ግን አንዴ አገዳ ካወጣ በፍግ አይመለስም። በአንድ ወቅት በቅሎ፣ አፍርቶ የሚሞት ተክል ነው። ሙቀት ሲበረታበት፣ ውሃ ሲጎድልበት ወይም ቀኑ ሲረዝም ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ወደ ፍሬ ይቸኩላል።

በአገራችን የቀኑ ርዝመት ከወር ወር ብዙም ስለማይለያይ የሚያስቸኩሉት በዋናነት ሙቀትና ጥማት ናቸው። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም በበጋው መካከል በረንዳ ላይ የሚዘራው ግን ውሃ ሳይጎድለውም ያብባል፤ ፀሐይዋ አምሽታ ትጠልቃለችና። እዚያ ላሉ ወገኖች የሚበጀው በጸደይ መጀመሪያ ወይም በጋው ሲያበቃ መዝራት ነው።

ሌላው ምክንያት ከሥሩ ነው። የድንብላል ዋና ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ችግኙ ተነቅሎ ሲዛወር ይህ ሥር ይጎዳል፤ የተጎዳ ተክል ደግሞ ቅጠሉን ሳያበዛ ለማበብ ይቸኩላል። ስለዚህ ችግኝ አፍልቶ ማዛወር ይቅር፤ በሚያድግበት ቦታ ይዝሩት። ጓሮ ለሌለው ሰው ለሁለት የተቆረጠና ታቹ የተበሳሳ ጀሪካን ይበቃል፤ አፈሩ ግን ቢያንስ ስንዝር ያህል ጥልቀት ይኑረው።

ዘሩ ከቅመማ ቅመም ሻጭ ቢገዛም ይበቅላል፣ ያልታመሰ ከሆነ። ያቺ ክብ ፍሬ በውስጧ ሁለት ዘሮች አሏት። በጠርሙስ ቀስ ብለው ቢያንከባልሉባት ለሁለት ትከፈላለች፤ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ካደረች ደግሞ ለመብቀል ትፈጥናለች። 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቅበሯት፣ አፈሩን እርጥብ አድርገው ይጠብቁ። ከ1 እስከ 3 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ተስፋ ቆርጠው አፈሩን አይቆፍሩት። ለደጋው ሰው እኔ የምመርጠው ጊዜ መስከረም ነው፦ አፈሩ የክረምቱን እርጥበት እንደያዘ ነው፣ ፀሐይም ተመልሳለች፣ ቡቃያውን የሚያስተኛው ከባድ ዝናብም አልፏል። ሁሉንም በአንድ ቀን ከመዝራት በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መዝራት ይሻላል። አንዱ ሲያብብ ሌላው ለቅጠል ይደርሳል። ሲቀጥፉም ከዳር ዳር ያሉትን ቅጠሎች እንጂ የመሐሉን እምቡጥ አይንኩ።

ቅጠሉ በብዙ ቤት ዛሬም እንግዳ ነው፤ ያሳዝነኛል። በደቡብ ዳጣ የሚያዘጋጁ እናቶች ግን ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር እየፈጩ ጥቅሙን ሲያሳዩን ኖረዋል። እርግጥ ሳሙና ሳሙና የሚላቸው ሰዎች አሉ፤ ማስመሰላቸው አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን ስሜት ከአንድ የማሽተት ዘረ መል ጋር አያይዞታል። የቅጠሉን ሽታ የሚሰጡት አልዲሃይድ የሚባሉ ውህዶች ሲሆኑ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሳሙና ውስጥም ይገኛሉ። ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬም የሚሸተው በእነርሱው ነው። ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ግን እነዚህ ውህዶች ይቀንሱና ሊናሎል የተባለው ጣፋጭ መዓዛ ያለው ዘይት ይበዛል። በርበሬያችን የሚፈልገው ይህንን ነው። እንግዲህ ቅጠሉን ለማይወድ ሰው እንኳ ያበበው ድንብላል ኪሳራ አይሆንበትም። ንቦችም ይወዱታል።

ለፍሬ ሲተዉት ተክሎቹን ከ20 ሴንቲ ሜትር ባላነሰ ርቀት ያሳሱ። ፍሬው በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ የዋናው አገዳ ይቀድማል፣ የቅርንጫፎቹ ይከተላል። ሁሉም እስኪደርቅ የጠበቀ ሰው ግማሹን ከመሬት ይለቅማል። ከፍሬው ግማሽ ያህሉ ቡናማ ሲሆን ማለዳ፣ ጤዛው ሳይለቀው አገዳውን ይቁረጡ። ራሱን በወረቀት ከረጢት ሸፍነው፣ ቁልቁል ዘቅዝቀው ጥላ ባለበት ቦታ ይስቀሉት። ሲደርቅ በእጅ ይታሽና በሰፌድ ይበጠራል። ከተፈጨ መዓዛው ቶሎ ስለሚያመልጥ ሙሉውን ፍሬ ማስቀመጥ ይሻላል፤ የሚታመሰውና የሚወቀጠው በሚፈለግበት ቀን ነው። ወደ ምጣዱ ከመሄዱ በፊት ግን አንድ እፍኝ ለሚቀጥለው መስከረም ለይተው ያስቀምጡ።