ስለ ባለ ሦስት እግር ሞተር ብስክሌት ማስተላለፊያ ዘንግ መንቀጥቀጥ

ክሮቸራ ከመለወጡ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

ለመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ አንድን ክሮቸራ ለአንድ ደንበኛ በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ መሸጥ ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ትርፍ አይደለም። በመጀመሪያው ጊዜ ደንበኛው ዕቃውን አምኖ ይገዛል። በሁለተኛው ጊዜ እየተጠራጠረ ይገዛል። በሦስተኛው ጊዜ ግን የሚመጣው ለወቀሳ ነው። ባለሱቁም በበኩሉ አስመጪውን ይወቅሳል፤ አስመጪውም ፋብሪካውን ይጠረጥራል። በዚህ መካከል የጭነት ባለ ሦስት እግሩ ሥራ ፈትቶ ይቆማል፤ የባለቤቱም የዕለት ገቢ ይቋረጣል። ጉዳዩ በደንብ የተመረመረ እንደሆነ ግን፣ ብዙውን ጊዜ የተሰበረው ክሮቸራ የሌላ ጥፋት ተሸካሚ ሆኖ ይገኛል። እውነተኛው ጥፋት የዘንጉ አገጣጠም ወይም የአክስሉ አቀማመጥ ከሆነ፣ የፈለገው ያህል ጥሩ ክሮቸራ ቢገባበት ዕድሜው አጭር ነው። ስለዚህ የዚህን መንቀጥቀጥ ምክንያት ማወቅ የመካኒኩ ሥራ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይገባውም፤ ዕቃውን የሚያስመጣውና የሚሸጠውም ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ተሽከርካሪው ምን ዓይነት ነው?

እዚህ ላይ የሚነገረው፣ የሞተር ብስክሌት ሞተሩ፣ መሪውና የፊት ጎማው እንዳለ ሆኖ፣ በስተኋላ በአንዱ ጎማ ፈንታ ሁለት ጎማ ያለው አክስልና የጭነት ሣጥን ስለ ተገጠመለት ተሽከርካሪ ነው። ይህ ዓይነት በፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ አለ፤ በጋራዥ ውስጥ ከተራ ሞተር ብስክሌት ተለውጦ የሚሠራም አለ። ሰው የሚያመላልሰው ባጃጅ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የባጃጅ ሞተር በስተኋላ ስለሆነ ኃይሉ በሁለት አጫጭር ዘንጎች በቀጥታ ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል፤ ከመካከል እስከ ኋላ የሚዘረጋ ረጅም ዘንግ የለውም።

ተራው ሞተር ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ጎማውን የሚያሽከረክረው በሰንሰለት ነው። ሁለት ጎማ ያለው አክስል ሲገጠምለት ግን ጎማዎቹ በመታጠፊያ ላይ በተለያየ ፍጥነት ይዞሩ ዘንድ ዲፈረንሻል ያስፈልጋል፤ ወደ ዲፈረንሻሉም ኃይል የሚያደርስ ዘንግ ይዘረጋል። አክስሉ በባሌስትራ ላይ ከፍና ዝቅ ስለሚል ዘንጉ ያለ መተጣጠፊያ ሊሠራ አይችልም። ይህ መተጣጠፊያ በመካኒኮች ዘንድ ክሮቸራ የሚባለው ባለ መስቀል ቅርጽ ዕቃ ነው።

የክሮቸራ ጠባይ

ይህ መተጣጠፊያ በአውሮፓ በኢጣሊያዊው ሊቅ በጂሮላሞ ካርዳኖና በእንግሊዛዊው በሮበርት ሁክ ስም ሲጠራ ኖሯል። ለመኪና ሥራ በሰፊው እንዲውል ያደረገው አሜሪካዊው ክላረንስ ስፓይሰር ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፤ በሚቀጥለውም ዓመት ማምረት ጀመረ። ዓላማውም በዘመኑ መኪናዎች ላይ የነበረውን ሰንሰለት በዘንግ ለመተካት ነበር። ዛሬ ሞተር ብስክሌት ወደ ባለ ሦስት እግር ሲለወጥ የሚያልፍበት መንገድ ያን ጊዜ መኪና ያለፈበት መንገድ ነው፤ ችግሩንም አብሮ ይወርሳል።

ችግሩ የሚመጣው ከክሮቸራ ተፈጥሮ ነው። ክሮቸራ ቀጥ ብሎ ሲሠራ ኃይልን በእኩል ፍጥነት ያስተላልፋል። አዘንብሎ ሲሠራ ግን የሚያስተላልፈው ዙር እኩል አይደለም፤ በእያንዳንዱ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፤ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። ማዘንበሉ 10 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ ከመካከለኛው ፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች 1.5 በመቶ ያህል ነው። ማዘንበሉ 20 ዲግሪ ሲደርስ ግን ልዩነቱ ወደ 6 በመቶ ያድጋል። ይህም ማለት ማዘንበሉ በእጥፍ ሲጨምር መንገጫገጩ በአራት እጥፍ ገደማ ይጨምራል ማለት ነው።

ይህን ለማስወገድ በዘንጉ በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ክሮቸራ ይገባል። የፊተኛው ያመጣውን መፍጠንና መዘግየት የኋለኛው እንዲሽረው ግን ሁለት ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። አንደኛው፣ በዘንጉ በራሱ ላይ ያሉት ሁለቱ ሹካዎች በአንድ መስመር ትይዩ መሆን አለባቸው። ሁለተኛው፣ የሁለቱ ክሮቸራዎች ማዘንበል እኩል መሆን አለበት፤ ይህም ከሞተሩ የሚወጣው ዘንግና የዲፈረንሻሉ መግቢያ እርስ በርሳቸው ትይዩ ሲሆኑ ይገኛል። ሹካዎቹ በ90 ዲግሪ ተሳስተው የተገጠሙ እንደሆነ የኋለኛው ክሮቸራ የፊተኛውን ጥፋት በመሻር ፈንታ በእጥፍ ያሳድገዋል።

ምርመራው

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ የምርመራው መጀመሪያ ከነጂው ቃል ነው። መንቀጥቀጡ በየትኛው ፍጥነት እንደሚጀምር፣ በጭነት ጊዜ ወይም በባዶ እንደሚብስ፣ ከየትኛውም ጥገና በኋላ እንደመጣ መጠየቅ ይገባል። ዘንጉ ወርዶ ከተገጠመ በኋላ በዚያው ቀን የጀመረ መንቀጥቀጥ ከአገጣጠሙ የመጣ ለመሆኑ ትልቅ ምልክት ነው።

ቀጥሎ የሚደረገው ጥፋቱ ከሞተሩ ወይም ከዘንጉ መሆኑን መለየት ነው። ለዚህም ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ፣ መንቀጥቀጡ በሚሰማበት ፍጥነት፣ አንድ ጊዜ በሦስተኛ ማርሽ፣ አንድ ጊዜም በአራተኛ ማርሽ መንዳት በቂ ነው። ማርሹ ሲለወጥ የሞተሩ ዙር ይለወጣል፤ የዘንጉ ዙር ግን ከጎማው ጋር የተያያዘ ስለሆነ አይለወጥም። መንቀጥቀጡ በዚያው ፍጥነት ሳይለወጥ ከቆየ ጥፋቱ ከካምቢዮው በስተኋላ ነው። ከሞተሩ ዙር ጋር አብሮ ከተለወጠ ግን ሞተሩን፣ የሞተሩን መያዣ ጎማዎችና ቡሎኖች መመልከት ይገባል። ፍሪሲዮን ተይዞ ተሽከርካሪው በራሱ ግፊት ሲንሸራተት መንቀጥቀጡ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ፣ የሚያስነሣው የኃይል ጫና ነው ማለት ነው፤ ይህም ወደ ክሮቸራውና ወደ አክስሉ መጠማዘዝ ያመለክታል።

ከዚያ በኋላ የመንቀጥቀጡን ብዛት ማስተዋል ይረዳል። ለምሳሌ፣ ዙሪያው 1.77 ሜትር ያህል የሆነ ጎማ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 6 ጊዜ ያህል ይዞራል። የዲፈረንሻሉ ማባዣ 4 ቢሆን ዘንጉ በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል፤ ያዘነበለ ክሮቸራም በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚያንገጫግጭ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመታል። ስለዚህ ቀስ ያለ፣ ሰውነትን የሚወዘውዝ መንቀጥቀጥ ወደ ጎማና ወደ ቸርኬ ያመለክታል። ፈጠን ያለው ወደ ዘንጉ መጣመም ወይም ሚዛን ማጣት ያመለክታል። እንደ ንብ የሚያጉረመርመው ደግሞ ወደ ክሮቸራው ማዘንበል ወይም ወደ ሹካዎቹ አለመገጣጠም ያመለክታል።

በጋራዥ ውስጥ ተሽከርካሪው በደንብ በተደገፈ ክሪክ ላይ ከተነሣ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ዘንጉ በእጅ ይመረመራል። ክሮቸራው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ከሆነ አልቋል። በኩባያዎቹ ዙሪያ እንደ ዝገት ቀይ ትቢያ ከታየ ግራሱ ደርቋል። ዘንጉ መጣመሙን ለማወቅ ጠመኔ በአንድ ድጋፍ ላይ አስጠግቶ ዘንጉን በዝግታ በእጅ ማዞር ነው፤ ጠመኔው በአንድ ወገን ብቻ ምልክት ካደረገ ዘንጉ በዚያ ወገን ጎብጧል። ትክክለኛው መለኪያ ግን ባለ ሰዓቱ መለኪያ ነው፤ ጉብጠቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ዘንጉ ሊቃና ወይም ሊለወጥ ይገባዋል። ማዘንበሉን ለመለካት ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ የሚገኘው የማዘንበል መለኪያ እንኳ ይበቃል፤ በሞተሩ መውጫ፣ በዘንጉና በዲፈረንሻሉ መግቢያ ላይ ተራ በተራ እያስደገፉ ቁጥሩን መጻፍ ነው። ይህም ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በባዶ፣ አንድ ጊዜም ከነጭነቱ ጎማዎቹ መሬት ረግጠው መደረግ አለበት።

ጥገናው በቅደም ተከተል

ጥገናው ገንዘብ ከማያስወጣው መጀመር አለበት። አስቀድሞ የሹካዎቹ አቀማመጥ ይታያል። የዘንጉ አንድ ወገን በጥርሶች ላይ ስለሚንሸራተት፣ ዘንጉ ሲፈታ ተለያይቶ በሌላ ጥርስ ላይ መልሶ ለመግባት ይችላል። ይህ ሆኖ ከተገኘ መድኃኒቱ አውጥቶ በትክክለኛው ጥርስ ላይ መመለስ ብቻ ነው። ከመፍታት በፊት በሁለቱም ወገን የቀለም ምልክት የሚያደርግ መካኒክ ይህን ጣጣ አያገኘውም።

ሁለተኛው የማዘንበል ማስተካከያ ነው። የሁለቱ ክሮቸራዎች ማዘንበል ከ1 ዲግሪ በላይ ከተለያየ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ስስ የብረት ሽብልቅ በማስገባት የዲፈረንሻሉን አፍንጫ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መመለስ ይቻላል። በጭነት መነሻ ላይ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ባሌስትራው ደክሞ አክስሉ እየተጠማዘዘ ስለሆነ፣ የባሌስትራው ማሰሪያዎችና ቅጠሎቹ መታየት አለባቸው። ማዘንበሉም ፈጽሞ ዜሮ መሆን የለበትም፤ በክሮቸራው ኩባያ ውስጥ ያሉት እንደ መርፌ የቀጠኑ ብረቶች ጥቂት ካልተንቀሳቀሱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እየተጫኑ ጉድጓድ ያበጃሉ።

ሦስተኛው የዘንጉ ሚዛን ነው። ዘንግ በጋራዥ ተቆርጦ ሲረዝም ወይም ሲያጥር በብየዳው ላይ የሚቀር ክምችት ሚዛኑን ያዛባል። ከዘንጉ መካከል 3 ሳንቲ ሜትር ርቆ የሚገኝ የ40 ግራም ክምችት፣ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ መሠረት፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ላይ የ750 ግራም ያህል፣ በ40 ኪሎ ሜትር ላይ ግን የ3 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ሆኖ ይጎትታል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ጉተታው በአራት እጥፍ ይጨምራልና። ስለዚህ የተቆረጠ ዘንግ በቶርኖ ላይ ተመዝኖና ተቃንቶ እንጂ በዓይን ግምት ሊበየድ አይገባውም።

ክሮቸራው የሚለወጠው እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ ነው። ሲገባም በመዶሻ ሳይሆን በሞርሳ ተጭኖ መግባት አለበት። በመዶሻ የተመታ ኩባያ ውስጥ ከጥቃቅኖቹ ብረቶች አንዱ ወድቆ ከታች ይቀራል፤ ማገጃው ቀለበትም በቦታው አይቀመጥም። በትክክል የገባ ክሮቸራ በጣት ሲገፋ ሳይላላና ሳይነክስ ይንቀሳቀሳል። በመጨረሻም ከዘንጉ ፊተኛ ጫፍ በታች የብረት መያዣ ቀለበት ማድረግ መልካም ነው፤ የፊተኛው ክሮቸራ በጉዞ ላይ ቢሰበር ዘንጉ መሬት ወግቶ ተሽከርካሪውን ሊገለብጥ ይችላልና።

ለነጋዴው የሚበጀው

አስመጪው ትዕዛዙን በተሽከርካሪው ስም ብቻ መስጠት አይበቃውም። ለዓይን አንድ የሚመስሉ ክሮቸራዎች በኩባያቸው ስፋትና በመስቀሉ ርዝመት ይለያያሉ፤ የአንዳንዶቹ ማገጃ ቀለበት ከውስጥ፣ የሌሎቹ ከውጭ ነው። ስለሆነም ትዕዛዙ በሚሊ ሜትር ልክ መጻፍ አለበት። ሙሉ ዘንግ ሲያዝም ሹካዎቹ በአንድ መስመር የተገጠሙና ሚዛኑ የተጠበቀ መሆኑ በውሉ ላይ እንዲገለጽ ይጠይቅ።

ባለሱቁ ደግሞ ካሊፐር በጠረጴዛው ላይ ያኑር፤ አሮጌውንም ክሮቸራ ሳያይና ሳይለካ አዲሱን አይሽጥ። አሮጌው ክሮቸራ ብዙ ይናገራል። ደርቆ የዛገው የግራሶ ጉድለትን፣ ጉድጓድ ያበጀው የጫና ብዛትን ወይም ያለ እንቅስቃሴ መሥራትን፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተሰብሮ የተመለሰው ደግሞ የማዘንበል ወይም የአገጣጠም ጥፋትን ያመለክታል። እንዲህ ላለው ደንበኛ ሌላ ክሮቸራ ከመስጠት በፊት ሹካዎቹን እንዲያስመለከት መምከር ለዕለቱ አንድ ሽያጭ ሊያስቀር ይችላል።

ነገር ግን ያ ደንበኛ ጎማ፣ ዘይት፣ የፍሬን ሸራና ኩሽኔታ ሲያስፈልገው የሚመለሰው እውነቱን ወደ ነገረው ሱቅ ነው። በጭነት ባለ ሦስት እግር ዕቃውን የሚያመላልሰው ነጋዴም ዕቃው በሰዓቱ ከመደብሩ ይደርስለታል። የመለዋወጫ ንግድ በሻጭና በገዢ መካከል ባለ እምነት ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ከዕቃው ጋር ዕውቀትን የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃን ብቻ ከሚሸጠው ይልቅ ደንበኛው ይበዛለታል።