ሰብል ዋግን እንዴት ይለያል? ከእርሾ የተገኘ መልስ

ሐይቅ፦ በተሁለደሬና በአምባሰል ደጋማ ቀበሌዎች ስንዴ የሚዘራ አርሶ አደር የዋግን ጠባይ ያውቃል። ዋግን ይቋቋማል የተባለ ዘር ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው በሽታ ሲመታ ግን ምክንያቱ አይገለጥለትም። በ2006 ዓ.ም በአርሲና በባሌ የደረሰው ይኸው ነበር፤ ቢጫ ዋግን በመቋቋሙ የተወደደው «ዲጋሉ» የተባለ የስንዴ ዝርያ አዲስ በመጣ የግንድ ዋግ ዓይነት ተመታ፤ ሰፊ ማሳም ጠፋ።

ምስጢሩ በዓይን የማይታይ መተዋወቅ ነው። ዋጉ ወደ ሰብሉ ሕዋስ ፕሮቲኖችን ያስገባል። ሰብሉ ከእነዚህ አንዱን የሚለይ ዘበኛ ፕሮቲን ካለው፣ የተነካውን ሕዋስ ገድሎ በሽታውን እዚያው ያስቀረዋል። ዋጉ ያንን ፕሮቲን ጥቂት ከለወጠው ግን ዘበኛው አያውቀውም።

ሁለት ፕሮቲኖች መያያዛቸውን ለማወቅ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ የዳቦ እርሾ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1989 ያስተዋወቁት በአሜሪካ ስታንሊ ፊልድስና ኦክ-ክዩ ሶንግ ናቸው። በእርሾ ሕዋስ ውስጥ ዘረመልን የሚቀሰቅስ ባለ ሁለት ክፍል ፕሮቲን አለ፤ አንዱ ክፍል ዘረመሉን ይይዛል፣ ሌላው ሥራ ያስጀምራል። ወፍጮና መጅ ለየብቻቸው ዱቄት እንደማያወጡ ሁሉ፣ እነዚህም ሲነጣጠሉ ፋይዳ የላቸውም። ተመራማሪው በአንደኛው ክፍል ላይ የሰብሉን ዘበኛ፣ በሌላው ላይ የዋጉን ፕሮቲን ይቀጥላል። ከዚያም እርሾውን አንድ አስፈላጊ ምግብ ሆን ተብሎ በጎደለበት ሳህን ላይ ያኖረዋል። ሁለቱ ፕሮቲኖች ከተያያዙ ክፍሎቹ ይገናኛሉ፤ ዘረመሉ ይነቃል፤ እርሾውም የጎደለውን ምግብ ራሱ እየሠራ ያድጋል። ካልተያያዙ ሳህኑ ባዶ ይቀራል።

ግልጽ ማስረጃ የተገኘው ለወሎ ገበሬ እንግዳ ካልሆነው ተልባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ የሚሠሩ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የተልባን ዘበኞችና የተልባ ዋግን ፕሮቲኖች በእርሾ ውስጥ አገናኙ። ተክሉ የሚለያቸው የዋግ ፕሮቲኖች በእርሾውም ተያያዙ፤ ከተክሉ የሚያመልጡት አልተያያዙም።

እርሾ ግን አንዳንዴ ያሳስታል። በተክሉ ውስጥ ፈጽሞ የማይገናኙ ፕሮቲኖች በእርሾ ሊያያዙ ይችላሉ። አንዳንድ ዘበኞች ደግሞ ዋጉን በቀጥታ ሳይነኩ፣ እርሱ ያበላሸውን ሌላ ፕሮቲን አይተው ይነቃሉ። ስለዚህ ውጤቱ በሕያው ቅጠል ላይ ዳግም ይፈተሻል።

አዳቃዮች በአንድ ዘር ውስጥ ሁለትና ሦስት ዘበኞችን የሚያጣምሩትም ዋጉ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማምለጥ ስለሚከብደው ነው። በስንዴው አገዳ ላይ የጡብ መልክ ያለው ዱቄት ያየ አርሶ አደር፣ የዘራውን ዝርያ ስም ጨምሮ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ሊያመለክት ይገባል፤ የግንድ ዋግ ናሙና የሚመረመረው በአምቦ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው።