የቲምን ከቤት ውስጥ በደል ለመጠበቅ የትምህርት ቤት ድርሻ



ለየቲም የምንለግሰው ገንዘብ የሚደርሰው በአሳዳጊው እጅ በኩል ነው። አማናቸውን በሚገባ የሚወጡ አያቶች፣ አጎቶችና አክስቶች ብዙ ናቸው፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ይሁን እንጂ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ድብደባ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሥራና የመደፈር ጥቃት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሕፃኑ ከሚያውቀው ሰው ነው። ወላጁን ያጣ ልጅ ደግሞ አቤት የሚልበት የለውም።

ከሀብሩ ወረዳና ከዋና ከተማዋ ከመርሳ በርካታ ወላጆች ወደ ዐረብ አገሮች ስለሚሰደዱ፣ ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ ልጆችም እንደ የቲሞቹ ሁሉ በዘመድ እጅ ያድጋሉ። በሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆየችበት ወቅት ብዙ ቤተሰብ ተበትኗል፤ በአካባቢውም ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከትምህርቱ ሌላ ልጁን በየቀኑ የሚያይ ሰውም ይጠፋል።

መምህር ከሁላችንም በፊት ምልክቱን ያያልና። በገበያ ቀን ወይም ማሽላ ከወፍ በሚጠበቅበት ወቅት ደጋግሞ የሚቀር፣ ሰውነቱ ላይ ሰንበር የሚታይበት፣ ወደ ቤት መሄጃው ሲደርስ የሚጨነቅ ልጅ ትኩረት ይሻል። አንድ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ድህነትም ልጅን ከትምህርት ያስቀራል። ስለሆነም መምህሩ ልጁን ለብቻው በእርጋታ ያዳምጥ፤ የሰማውን መዝግቦ ለርዕሰ መምህሩ ያሳውቅ። አሳዳጊውን ጠርቶ በልጁ ፊት መውቀስ ግን ማታ የባሰ ዱላ ሊያስከትል ይችላል። ቀጥሎ ጉዳዩ ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ይቀርባል። የመደፈር ጥቃት ከደረሰ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት፣ ሕፃኑ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ሽምግልና ይህን ጊዜ ሊበላው አይገባም።

ሕጉም ግልጽ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ይጠብቃል፤ መንግሥትም ለወላጅ አልባ ልጆች ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ ያዛል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 576 በእጁ ያለን ልጅ የሚያንገላታን፣ ቸል የሚልን፣ ከአቅሙ በላይ የሚያሠራን ወይም የሚደበድብን አሳዳጊ ይቀጣል።

ዲናችንም ሱረቱ ዱሓ ላይ የቲምን መጨቆንን ይከለክላል፤ ሱረቱ ኒሳእ ላይ ገንዘቡን በግፍ የሚበሉትን አጥብቆ ያስጠነቅቃል። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ገብተው አሥር ዓመት ሲያገለግሉ አንድም የመሰልቸት ቃል እንዳልሰሙ ተርከዋል። «የቤት ገበና አይውጣ» የሚለው ልማዳችን ለሰው ነውር እንጂ ለሕፃን በደል መሸፈኛ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ለጋሾች ሆይ፣ ገንዘቡ መድረሱን ስትጠይቁ ልጁ በክፍል መገኘቱንም ጠይቁ። አሳዳጊዎችም ከመምህሩ ጋር ተዋወቁ፤ ሸክሙ ሲከብዳችሁ ምሬታችሁ በልጁ ላይ ከመውረዱ በፊት ንገሩን። አላህ አማናችንን ለመወጣት ያግዘን፤ አሚን።