የአያት ቢጫ ወፎች

አያት ሰፈር እየኖረ ቢጫ ወፍ አላየሁም የሚል ሰው ቀና ብሎ አያውቅም ማለት ነው። ከባቡሩ ማብቂያ አንስቶ እስከ ኮንዶሚኒየሞቹ ጓሮ፣ ከግራቪሊያው እስከ ጽዱ፣ ገና ሳይነጋ ይንጫጫሉ። የሚያሳዝነኝ ሁሉንም «ቢጫ ወፍ» ብለን ማለፋችን ነው።

ዘር በል ወፍ ምንቃሩ ወፍራም ነው፤ ነፍሳት የሚለቅመው ቀጭን። ይህን ልጆችም ያውቁታል። ቀጭን ምንቃር ያላትና ዓይኗን ነጭ ቀለበት የከበባት፣ ሆዷ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ በመንጋ እየተጠራራች ቅጠል የምትፈትሽ ካያችሁ ዞስተሮፕስ ናት፤ ከሌላ ጋር አትምታታም። በበጋ ሣር ላይ እየተራመደች ረጅም ጅራቷን የምታወዛውዘው ቢጫ ደግሞ ከሰሜን የመጣች እንግዳ ናት፤ ክረምታችን ሲገባ አገሯ ትመለሳለች።

የሚያከራክረው ጥቁር ፊት ነው። «ፊቱ ጥቁር፣ ሰውነቱ ቢጫ ከሆነ ጎጆ ሠሪው ነው» የሚል ፍርድ ከብዙ ሰው እሰማለሁ፤ ፎቶ አንስተው በዚሁ ስም የሚያሰራጩም አሉ። በደጋው ግን ጥቁር ፊት ካላቸው ትንንሽ ቢጫ ወፎች በተለይ የሚያምታቱ ሦስት አሉ፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥቁሩ የት ጀምሮ የት ያበቃል የሚለው ነው።

ሳይንሱ ፕሎሲየስ ባግላፌክት የሚለው ጎጆ ሠሪ ግንባሩና አናቱ ወርቃማ ነው፤ ጥቁሩ ዓይኑን ይዞ ጉንጩ ላይ ይቀራል። ከዚያ ጥቁር መሀል ዓይኑ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ ያበራል። ሴቷ የወንዱ ወርቃማ አናት የላትም፤ ዓይኗ ግን እንደ እሱ ብሩህ ነው። ሲትሪል የሚባለው ወንዱ ግንባሩና አገጩ ጥቁር ሆኖ ከዓይኑ በላይ ቢጫ ቅንድብ ይታይበታል፤ ደረቱ ላይ ጠቆር ያሉ ሰረዞች አሉ፣ ዓይኑም ጥቁር ነው። የሲትሪል ሴት ፊቷ ላይ ጥቁር የለም፤ በሰረዞቿ ትታወቃለች። ሦስተኛው የኢትዮጵያ ሲስኪን ነው። የወንዱ ጭንቅላት እስከ ጉሮሮው ድረስ ኮፍያ እንዳጠለቀ ጥቁር ነው፤ ደረቱ ላይ ሰረዝ የለም። ሲትሪልንም ሲስኪንንም በ1840 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነበር። ሲስኪን ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም። እሱን የፈለገ ወደ እንጦጦና ሱሉልታ ሜዳ ይውጣ።

ጎጆ ሠሪውን ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። አንድ ጠዋት በረንዳችን ፊት ለፊት ካለው ዘንባባ ላይ ሲሠራ አይቼዋለሁ፦ የቅጠሉን ጠርዝ በምንቃሩ ነከሰ፣ ይዞ ተፈናጠረ፣ ቀጭን ክር የመሰለ ልጥ ተልጦ ወጣ። እግሩን ማሰሪያ፣ ምንቃሩን መርፌ አድርጎ አስገባው፣ አወጣው፣ ጠመዘዘው። ዘመዶቹ በሞቃቱ ቆላ አንድ ግራር ላይ በደርዘን የሚቆጠር ጎጆ ያንጠለጥላሉ፤ የእኛው ግን በአብዛኛው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ለብቻው ይኖራል። ስለዚህ ዛፉ ላይ አንድ ጎጆ ብቻ ብታዩ «የተተወ ነው» አትበሉ። እንዲህ እየተባለ እንቁላል ያለበት ቅርንጫፍ ሲቆረጥ አይቻለሁ፤ ዘበኛውም አትክልተኛውም ክፋት አልነበረባቸውም፣ የነገራቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

ስልክ ይዛችሁ ከዛፉ ሥር አትሩጡ፤ ወፏ ትሸሻለች፣ ፎቶውም ብዥ ይላል። ባይኖኩላር ካላችሁ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። ፀሐይ ፊት ለፊት ከሆነች ቢጫውም ጠቁሮ ይታያል፣ የዓይኑም ቀለም አይለይም። አያት ውስጥ ጭንቅላቱ ሙሉ በሙሉ የጠቆረ ሲስኪን ካያችሁ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቆየው ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አሳውቁ።