ገበታና ገበጣ

እነዚህን ሁለት ቃላት አንብቡ፦ ገበታ። ገበጣ። የሚለያቸው አንድ ፊደል ብቻ ነው። በፊደል ገበታ ማንበብ ተማርን። በገበጣስ ምን ተምረን ነበር? ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ ልጅነት ጨዋታችን ነው።

ከመንዝ ደጋ እስከ ጀማ ወንዝ፣ ከግሼ እስከ መርሐ ቤቴ፣ በልጅነቱ በግ ወይም ፍየል ያልጠበቀ ሰው ጥቂት ነው። እረኛ ቀኑ አልመሽ ሲለው ይጫወታል። መጫወቻ ግን የሚገዛለት አልነበረም። ራሱ ይሠራል። ከጭቃ በሬ ይሠራል። ከጨርቅ ቁራጭ ኳስ ይሠራል። ሴቶች ልጆች አሻንጉሊት ይሠራሉ፤ ጠጠር ሰብስበውም ቅልልቦሽ ይጫወታሉ። አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውረው፣ እሱ ሳይወድቅ ሌላውን ከመሬት ያነሣሉ። ዓይንና እጅ አብረው ይለምዳሉ።

የቡሄ ጅራፍ ትዝ ይላችኋል? ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ነው። ልጆች ቀደም ብለው ጅራፋቸውን ይገምዳሉ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ይባላል። ለምን ይጮኻል? ጅራፉ ከእጀታው ወፍራም ነው፤ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። እየቀጠነ ሲሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጫፉ ከድምፅ የበለጠ ይፈጥናል። ያን ጊዜ ጯ! ይላል። ይህን ሳይንስ ያረጋገጠው ነው። እረኛው ግን ጅራፉን ጫፉ ላይ ማቅጠን እንዳለበት ከታላቆቹ ተምሮ ያውቅ ነበር።

የገና ጨዋታም አለ። የገና ዕለት ጎረምሳው ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዞ ሜዳ ይወጣል። ሁለት ቡድን ይሆናሉ። እሩሯን እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ይነዳሉ። በዚያ ቀን ጌታ ሎሌውን አይቆጣም ይባል ነበር። በሌላ ቀን አንገቱን የሚደፋ ሰው፣ በገና ዕለት ከጌታው ጋር እኩል ይሮጣል። ጨዋታ ይህንንም ያስተምራል።

አሁን ወደ ገበጣ እንመለስ። አጨዋወቱ ከአገር አገር ይለያያል። አንዱ እንዲህ ነው። መሬት ላይ በሁለት ረድፍ ጉድጓድ ይቆፈራል። በአንዱ ረድፍ 6 ጉድጓድ አለ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ 4 ጠጠር ይገባል። ተጫዋቹ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር አንሥቶ፣ በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ እየጣለ ይሄዳል። ብዙ ጠጠር የሰበሰበ ያሸንፋል።

እስቲ እናስላ። 6 ጊዜ 4፣ 24 ነው። 24 እና 24፣ 48 ነው። ተጫዋቹ ይህን ሁሉ በልቡ ይይዛል። ጠጠሩ የት ላይ እንደሚያልቅ ሳያነሣ ያውቃል።

አንዳንድ ጎልማሶች፣ “ፊደሉስ ይሁን፤ ቁጥር ግን ለእኔ አይገባኝም፤ አርጅቻለሁ” ይላሉ። ኧረ እንዴት ነው ነገሩ! ገበጣ የተጫወተ ሰው መደመርና መቀነስ አያውቅም እንዴ? ያውቃል። የቀረው ምልክቱን መጻፍ ብቻ ነው። ጠጠሩን በቁጥር መተካት ነው።

ገበጣን የመሰለ ጨዋታ በሌላም አገር አለ። በጋና ኦዋሬ ይሉታል። በኡጋንዳ ኦምዌሶ ይሉታል። ስለ እኛ ገበጣ ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት የተባሉ የታሪክ ምሁር ጽፈዋል። ጽሑፋቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ታተመ። በየአገሩ ያለውን አጨዋወት መዝግበዋል። ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ ነው።

የእናንተ መንደር አጨዋወትስ የት ተጽፏል? ያለው በአባቶችና በእናቶች ልብ ውስጥ ነው። ዛሬ ብዙ ልጆች ትምህርት ቤት ይውላሉ። ይህ ደግ ነው። ነገር ግን ከታላቅ ወደ ታናሽ ጨዋታ የሚተላለፈው በሜዳ ነበር። ልጅ ከሜዳ ሲርቅ ደንቡ ይረሳል። ደንቡን የሚያውቁ ሽማግሌ ሲያርፉ፣ ጨዋታው አብሯቸው ይቀበራል።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት ሥራ ይህ ነው። አንድ የልጅነት ጨዋታ ምረጡ። ደብተር ላይ እነዚህን ጻፉ፦

ጨዋታው ማን ይባላል?
ስንት ሰው ይጫወተዋል?
ዕቃው ከምን ይሠራል?
እንዴት ይጀመራል?
ማን ያሸንፋል?

ፊደሉ ቢጣመም ግድ የለም። ከረሳችሁ ጎረቤት ጠይቁ። አያት ካሉ፣ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ እሳቸው ይንገሯችሁ፤ እናንተ ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። ከዚያም ጠጠር ልቀሙና አብራችሁ ተጫወቱ።