«ጠቋሚ» የሚለው ስያሜ በማያ ገጽ አንባቢ ቅንብር ውስጥ

አውስትራሊያዊው ማይክል ከረን በ2006 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመረው ኤንቪዲኤ፣ በማያ ገጽ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለዐይነ ስውራን በድምፅ የሚያሰማ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይለያል፤ እነርሱም የማውሱ ቀስት፣ ፊደል የሚገባበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት፣ እንዲሁም ጽሑፉን ሳይነካ እየተዘዋወረ የሚያነበው ምልክት ናቸው። ተርጓሚ ሦስቱንም «ጠቋሚ» ቢላቸው የሚያይ ሰው አይቸገርም፤ ዐይኑ ይለይለታልና። ዐይነ ስውሩ ግን የሚሰማው ስሙን ብቻ ነው።

ለምሳሌ ያህል «አቃቂ ቃሊቲ» ብሎ አድራሻውን የጻፈ ሰው፣ ሁለተኛው ምልክት ከ«አቃቂ» ቀጥሎ ሳለ ሦስተኛው በ«ቲ» ላይ ቀርቶ እንደሆነ፣ ፊደሉ ይነበብልኝ ሲል «ቲ»ን ይሰማል፤ ባክስፔስ ሲጫን የሚጠፋው ግን «ቂ» ነው። መፍትሔው በቅንብሩ ውስጥ ሦስተኛው ሁለተኛውን እንዲከተል የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት ነው። ዳሩ ግን ምርጫው «ጠቋሚው ጠቋሚውን ይከተል» ተብሎ ከተተረጎመ ማን ማንን እንደሚከተል እንዴት ይታወቃል?

ስለዚህ «ጠቋሚ» ለማውሱ ቀስት ብቻ ይወሰን፤ ሁለተኛው «መጻፊያ ምልክት»፣ ሦስተኛው «መቃኛ» ይባል ዘንድ እናቀርባለን። «ቃኘ» ክራርን ቢያስታውስም፣ አካባቢን መቃኘት የሚለው ፍቺው ሳይነኩ መመልከትን በሚገባ ይገልጻል።